ደንገጎ ላይ የሚሞቅ መኪና፦ ያረጀ የጭነት መኪና ሞተር ሲሞቅ ምርመራው ከየት ይጀመራል?

ድሬዳዋ ውስጥ ያረጀ የጭነት መኪና ሲሸጥም ሲገዛም ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ደንገጎን ይወጣል ወይ?» ደንገጎ ከከተማዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው ረጅም ዳገት ነው። ከቀፊራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ለገሃር ሲመላለስ የሙቀት መለኪያው (ጌጁ) ግማሽ ላይ ረግቶ የሚውል አይሱዙ፣ ሲሚንቶ ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር መርፌው ቀዩ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተር የሚከለክለውን በር) ያስወጣል፤ ለውጥ የለም። ራዲያተር ይቀይራል፤ ጥቂት ቀን ደህና ይሆንና ያው ይመለሳል። በመጨረሻ «ጓርኒሲዮኑ ነው» ይባልና ቴስታታው ይወርዳል፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ገንዘቡ አለቀ፣ መኪናው ዛሬም ይሞቃል።

ሙቀት በራሱ በሽታ አይደለም፣ የብዙ በሽታ ምልክት ነው። ስለዚህ «ምን ልቀይር?» ከማለት በፊት «መቼ ነው የሚሞቀው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ቆሞ ነው? ዳገት ሲወጣ ነው? ሜዳ ላይ ሲሮጥ ነው? ወይስ ገና በጠዋቱ ሲነሳ? ለነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ አጥብቦ ያሳያል። ሹፌሩ በትክክል ካስተዋለ፣ መካኒኩ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት የሥራው ግማሽ አልቋል።

ዳገቱ የሚጠይቀው

ናፍጣ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ጉልበት ውስጥ ጎማ የሚያዞረው ሲሶ ያህሉ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ሙቀት ሆኖ ቴስታታውና ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው ያን ሙቀት ይዞ ወደ ራዲያተር ካልወሰደው ብረቱ ይጣመማል።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደንገጎ ስንደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ እንሆናለን፤ መንገዱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባቡር ሐዲድ ሠሪዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ሐረርን ለማገናኘት ነበር። ይህን አቀበት ባቡር እንደማይወጣው ሲረዱ ሐዲዱን በቆላው አስቀሩት፣ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተራራው ሥር ተቆረቆረች። ባቡር የሸሸውን ዳገት ዛሬ አሮጌ የጭነት መኪና በየቀኑ ይወጣዋል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ክብደቱን ከፍ ለማድረግ ብቻ የሚያስፈልገው ጉልበት 78 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ሲሶ ለጎማ፣ ሲሶ ለውሃ ካልን፣ ያንኑ የሚያህል ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ይህ ሙቀት አንድ በርሜል ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍላት አድርሶ ይተርፈዋል። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከአንድ ሁለት ጄሪካን አይበልጥም። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ውሃ ያለ ማቋረጥ እየዞረች፣ በዞረች ቁጥር ሙቀቷን ለአየር ማስረከብ አለባት። ከውሃው፣ ከዝውውሩና ከአየሩ አንዱ ትንሽ ከጎደለ ከተማ ውስጥ አይታወቅም፤ ዳገቱ ግን ያወጣዋል።

ከፍታው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ድሬዳዋ ላይ በ96 ገደማ፣ ደንገጎ አናት ላይ ደግሞ በ93 ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከ82 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ውሃው ታፍኖ ካልተያዘ ምንም ያልታመመ ሞተር እንኳ እዚያ ላይ ሊያፈላ ይችላል። አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ አናት ላይ 0.9 ወይም 0.5 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ውሃውን የሚያፍንበት ግፊት ነው፣ በባር ይለካል። 0.9 የሆነ ክዳን በደንብ ከያዘ በደንገጎ ከፍታም ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ያን ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠባበቂያ በሙሉ ያሳጣችኋል።

ክዳኑ አልገጥም ሲል ፌስታል ወይም ጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስር ሹፌር ብዙ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ክዳን ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው፤ ከኪሳችሁ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ መጀመሪያ ለክዳን አውጡ። ቁጥሩ ግን ፋብሪካው ካዘዘው እንዳይበልጥ። 0.5 በሚል ራዲያተር ላይ 0.9 ብትገጥሙበት ያረጀው ብየዳ ይለቃል።

መቼ ነው የሚሞቀው?

ታይዋን ገበያ ጭነት ሲራገፍ ሞተሩ እየሠራ ቆሞ ይሞቃል፣ ወደ ሽንሌ ሜዳውን ሲይዝ ግን ይበርዳል እንበል። እዚህ ራዲያተሩ በውስጡ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል። ሲሮጥ ከፊት የሚመታው ነፋስ ይበቃዋል፤ ሲቆም ግን አየር የሚስብለት ፋኑ ብቻ ነውና ጥርጣሬው ወደ ፋን ይሄዳል። ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ አልፎ ከረገበ ላልቷል። ፊቱ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ጠብቆም ይንሸራተታል። ፋኑን የሚይዘው ክላች ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲዞር መያዝ መያዝ ማለት አለበት። አንዴ ብትገፉት ብዙ ዙር የሚዞር ከሆነና መሐሉ ላይ የዘይት ጭረት ካያችሁ አልቋል። ሌላ ምልክትም አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማጓራት አለበት፤ በዳገት ላይ ያ ድምፅ ጠፍቶ ከሰነበተ ክላቹ አይዝም። አንዳንዶች በብየዳ አጣብቀው ይገላገሉታል። ብየዳው ግን ከኋላው ያለውን ኩሽኔታ ያቃጥላልና ምነው ቢቀር።

በፋኑ ዙሪያ ያለው ክብ ከለላም አይናቅ። ተሰብሮ የተጣለበት መኪና ስንቱ ነው! ከለላው ከሌለ ፋኑ ያንኑ የሞተር ቤት የሞቀ አየር ያሽከረክራል እንጂ በራዲያተሩ በኩል አየር አይስብም። ጥገና ላይ ፋኑ ተገልብጦ የታሰረበትም አለ። ይዞራል፣ ይጮኻል፣ የሚስበው ግን ትንሽ ነው። አንድ ቀጭን ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ያዙለት፤ ጠንከር ብሎ ሊሳብ ይገባል።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ሲጀምር ቀስ በቀስ የሚሞቀው ነው። ሲወጣ መርፌው ያለ መዛነፍ ሽቅብ ይሄዳል፣ ደንገጎ አናት ደርሶ ወደ ሐረማያ ሜዳውን ሲይዝ ይመለሳል። ይህ መኪና ሙቀት የማስወጣት አቅሙ ቀንሷል፣ ወይም የሚፈጥረው ሙቀት ከልክ በላይ ሆኗል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸውና ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አቅም ሲቀንስ ከውጭ ይጀመራል። ማታ ባትሪ ከራዲያተሩ ጀርባ አብርታችሁ ከፊት ለፊት እዩት፤ ብርሃን የማያልፍበት ቦታ አየርም አያልፍበትም። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራና ገለባ፣ ከሞተር ከሚንጠባጠብ ዘይት ጋር ተለውሶ ስስ ክንፎቹን ይደፍናቸዋል። ሲታጠብ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይርጨው፤ ከፊት ከተረጨ ቆሻሻው ጠልቆ ይገባል። ኃይለኛ ግፊትም ክንፎቹን ያጣጥፋል።

ውጩ ንጹሕ ሆኖ የሚሞቅ ከሆነ ውስጡ ነው። ሙቀት የሚለካ ጨረር ያለው ቴርሞሜትር አሁን በየዕቃ መሸጫው አለ፤ ጋራዥ ያለው ሰው ቢገዛው አይቆጨውም። መኪናው በደንብ ሞቆ ሳለ የራዲያተሩን የላይና የታች ጎማ (ውሃ የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች) ለኩ። የላይኛው በጣም ሞቆ የታችኛው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው በቂ አይዞርም፤ የራዲያተሩ ቱቦዎች ተደፍነዋል ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ሁለቱም ከልክ በላይ ሞቀው ልዩነታቸው ጥቂት ከሆነ ግን ውሃው ይዞራል፣ አየሩ ነው ሙቀቱን ያልወሰደለት። ከዚያ የራዲያተሩን ፊት ከጎን ወደ ጎን እየለካችሁ ሂዱ። ድንገት የሚበርድ ቦታ ካገኛችሁ የተደፈኑት ቱቦዎች እዚያ ናቸው።

የሚፈጠረው ሙቀት ሲበዛ ጥፋተኛው ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይረሳል። «ጉልበት አነሰው» ተብሎ ፖምፓው (የናፍጣ ፓምፑ) ነዳጅ እንዲያበዛ የተከፈተበት መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲወጣ፣ የተጨመረው ናፍጣ ጉልበት ሳይሆን ሙቀት ይሆናል። የተደፈነ የአየር ማጣሪያም እንዲሁ ነው። የሚይዝ ፍሬን አለ፦ ረዘም ካለ ጉዞ በኋላ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚሞቅ ጎማ ካለ ሞተሩ ፍሬን እየጎተተ ነው የሚወጣው። አይሱዙ ላይ ደግሞ የጭስ ማውጫ ፍሬን አለ፤ ቁልቁለት ላይ ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚይዘው ክዳን ማለት ነው። ይህ ክዳን በጥላሸት ተጣብቆ በከፊል ተዘግቶ ሊቀር ይችላል። ያኔ መኪናው ጉልበቱ ይወርዳል፣ ይሞቃል፣ ራዲያተርና ጓርኒሲዮን ቢቀየርለትም አይድንም። መኪናው ሲፈጥንም ሲዘገይም የክዳኑን ክንድ በዓይን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አነዳዱም ድርሻ አለው። ፓምፑም ፋኑም የሚዞሩት በሞተሩ ፍጥነት ነው። በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ እያቃሰተ ሲወጣ ሙቀቱ ከፍተኛ፣ የውሃው ዝውውር ግን ዝቅተኛ ይሆናል። በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ፣ ሞተሩ ዘና ብሎ እየዞረ ሲወጣ ያው ጭነት በተሻለ ቅዝቃዜ ይወጣል። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ቀትር 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ጭነቱን አመሻሽ ወይም ሌሊት ማውጣትም ብልህነት ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ቢቀንስ የውሃውም ሙቀት በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል።

ወደ ደወሌ በሜዳው ሲሮጥ የሚሞቅ፣ ቀስ ሲል የሚበርድ መኪና ካለ የታችኛውን የራዲያተር ጎማ ተጠራጠሩ። ፓምፑ ከዚያ ጎማ ውሃ ይስባል። ጎማው ከለሰለሰ፣ በውስጡ የነበረው የሽቦ ጥቅልል ከተበላ ወይም ጎማ ሲቀየር ከተረሳ፣ ሞተሩ ሲፈጥን ጎማው ተጣብቆ ውሃውን ይዘጋዋል። ሞተሩን አቁማችሁ ስትፈትሹ ደህና ሆኖ ስለሚታይ፣ አንድ ሰው ነዳጅ እየሰጠ ሌላው ጎማውን ማየት አለበት። እጅና ልብስ ከፋኑ ይራቅ።

ገና በጠዋት ተነስቶ በጥቂት ደቂቃ የሚሞቅ ከሆነ ነገሩ የአቅም ጉዳይ አይደለም። ውሃ የለውም፣ ቺንጋ ተበጥሷል፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ፓምፑ አይዞርም ወይም ጓርኒሲዮኑ አፍስሷል።

አንድ ነገር ለሁሉም ሹፌር ልንገር። ዳገት ላይ ከፍ ብሎ የነበረ መርፌ ድንገት ወደ ቀዝቃዛው ቢወድቅ «እፎይ» አትበሉ። የሙቀት መለኪያው የሚሠራው ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። ውሃው ሲያልቅ መለኪያው አየር ላይ ይቀርና ሞተሩ እየነደደ ጌጁ «ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ብዙ ሞተር የሚነክሰው (ተጣብቆ አልዞርም የሚለው) እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። መርፌ ያለ ምክንያት ሲወርድ ወዲያው ቁሙ።

የድሬ ውሃና ራዲያተር

ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ጀበናውን ወይም የሻይ ማፍያውን ከፍቶ ቢያይ ከታች ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ ያገኛል። የከተማችን የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ነውና ካልሲየም ይበዛበታል። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ካልሲየሙ ሟምቶ አይታይም፤ ሲሞቅ ግን ውሃው ውስጥ የሟሟው ጋዝ ይለቅና ኖራው ተለይቶ የሞቀው ብረት ላይ ይጣበቃል። ሞተር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ያውም ኖራው የሚጋገረው በጣም በሚሞቀው ቦታ፣ በሲሊንደሮቹ ዙሪያና ቴስታታው ውስጥ ነው። ኖራ ሙቀት የማሳለፍ ችሎታው ከሞተር ብረት በ20 እጥፍ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ቀጭኑ ቅርፊት እንኳ ብረቱን ከውሃው ይጋርደዋል። ውሃው 90 ዲግሪ እያለ ከቅርፊቱ በስተጀርባ ያለው ብረት ከዚያ እጅግ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ጌጁ ይህን አያሳይም።

አሮጌ ራዲያተር የታችኛው ሣጥኑ ሲፈታ ማየት ያስተምራል። የቱቦዎቹ አፍ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በጎን በኩል ያሉት ቱቦዎች አፋቸው በነጭና ቡናማ ጠጠር ተደፍኖ፣ መሐል ያሉት ብቻ ክፍት ሆነው ታገኛላችሁ። ሣጥኑ ሥር ዝገት የተቀላቀለበት ጭቃ ተኝቷል። በጣት ሲነካ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ይህ ራዲያተር ከተማ ውስጥ ቢበቃም ደንገጎን አይችለውም።

ችግሩን የሚያባብሰው ውሃ መጨመሩ ነው። የሚያንጠባጥብ ጎማ ያለው መኪና በየቀኑ አምስት ሊትር ቢጨመርለት፣ በየቀኑ የአምስት ሊትር ኖራም እየገባበት ነው። ስለዚህ ትንሿን ማንጠባጠብ «ውሃ እጨምራለሁ» ብሎ ማለፍ ራዲያተሩን ቀስ በቀስ መድፈን ነው።

ምን ይሻላል? ከሁሉ የሚሻለው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ነው፤ አሲዱ ሳይሆን ውሃው። ንጹሕ የዝናብ ውሃም ይሆናል። የዴቻቱ ጎርፍ ወይም የመንገድ ዳር ኩሬ ውሃ ለጭንቅ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ ይቀየራል። ኩላንትን (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ) በተመለከተ «እዚህ በረዶ የለም፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሞተር ጎድቷል። እኛ ኩላንት የምንፈልገው ለበረዶ ሳይሆን ዝገትን ስለሚከላከልና የመፍያ ነጥቡን በጥቂት ዲግሪ ስለሚጨምር ነው። ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ይቀላቀል። ያልተቀላቀለ ኩላንት ብቻውን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያነሰ ነውና ሲበዛ ይጎዳል። ጣፋጭ መርዝ መሆኑንም አትርሱ። ጋራዥ ደጅ ላይ የፈሰሰውን የሰፈር ፍየል ይልሰዋል፣ ልጅም ሊቀምሰው ይችላል።

የተጋገረውን ኖራ ለማስለቀቅ ከነሐስና ከመዳብ የተሠራ የድሮ ራዲያተር ከሆነ፣ ራዲያተር ሠሪው ሣጥኑን ፈትቶ ቱቦዎቹን በቀጭን ዘንግ አንድ በአንድ ቢጠርጋቸው ከሁሉ ይሻላል። ለሞተሩ ውስጥ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት በሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል በጥብጦ፣ ሞተሩን ለተወሰነ ሰዓት አሙቆ ማዞርና ብዙ ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይሠራል። አሉሚኒየም ያለበት ሞተር ላይ ግን መካኒክ ሳታማክሩ አትሞክሩት። የባትሪ አሲድ የሚጨምሩ አሉ። እሱ ከኖራው ጋር ብረቱንም፣ ብየዳውንም፣ የሠራተኛውንም ዓይን ይበላል።

ቴርሞስታት ይውጣ ወይስ ይቅር?

«ለቆላ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለው አባባል ከጋራዥ ጋራዥ የሚተላለፍ ሆኗል። እኔ በፍጹም አልቀበለውም፤ ምክንያቴም ይህ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተር የሚከለክል በር ነው፤ ብዙ ጊዜ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። ጤነኛ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ለውሃው በቂ ነው፤ ዳገት ላይ የሚያሞቀው እሱ አይደለም። በብዙ ሞተሮች ላይ ግን ሌላም ሥራ አለው። ሲከፈት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ በጀርባው ይደፍናል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆንና ውሃው በቀላሉ መንገድ ይሄዳል። ራዲያተሩ ገሚሱን ብቻ ያገኛል። ለማቀዝቀዝ ብላችሁ አሞቃችሁት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሐረርን በመሰለ ደጋ ከተማ ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላሉ።

ቴርሞስታቱን መጠርጠር ከፈለጋችሁ ፈትሹት። ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ፣ ቴርሞስታቱ ታችኛውን እንዳይነካ በክር አንጠልጥላችሁ፣ ከቴርሞሜትር ጋር አሙቁት። በላዩ የተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ሲጀምርና ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲጨምር በደንብ ሲከፈት ካያችሁ ጤነኛ ነው፤ መልሱት። ካልተከፈተ በዚያው ዲግሪ አዲስ ግዙ።

መንገድ ላይ ሲሞቅ

ጠርዝ ይዛችሁ ቁሙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ውሃ ያልፈሰሰና እንፋሎት የማይተፋ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ያለ ጭነት ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዙር፣ የካቢናውን ማሞቂያም እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ውሃው ፈስሶ ከሆነ ግን ወዲያው ይጥፋ። ክዳኑን አትንኩ። የላይኛው ጎማ በእጅ ተይዞ የማያቃጥል፣ ሲጫኑት የሚለሰልስ እስኪሆን ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት ጠብቁ። ረዳቱ ልጅ ስለሆነና ስለሚቸኩል ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፊቱን የሚቃጠለው እሱ ነው። ውሃ ሲጨመር ሞተሩ እየሠራ፣ ቀስ በቀስ ይሁን። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ጓርኒሲዮን የመጨረሻው ጥርጣሬ ይሁን

ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ማስረጃ ይፈለግ። ማታ የቆመ ቀዝቃዛ መኪና ጠዋት ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱት፤ ውሃው አፍ ድረስ ይሙላ። ወዲያው ያለ ማቋረጥ አረፋ እየተንቦለቦለ ከወጣ፣ ነዳጅ ሲሰጠውም ከበዛ፣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ ድንጋይ የሚሆን ከሆነም ምልክቱ ያው ነው። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የቀላቀለ ቡና የመሰለ ዘይት፣ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ምንም ቦታ ሳያንጠባጥብ የሚጎድል ውሃ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያም አለ፤ ጋዙ ሲያልፍበት ቀለሙ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ግን በአየር ፍሬን የሚሠሩ ትልልቅ መኪናዎች ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር በብዙዎቹ ላይ የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ውሃ ነው። የኮምፕሬሰሩ የራሱ ጓርኒሲዮን ከተበላ፣ የታመቀ አየር ወደ ውሃው ይገባና ራዲያተሩ አፍ ላይ ትክክል የቴስታታ ጓርኒሲዮን የተበላ የሚመስል አረፋ ያሳያል። ለመለየት ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚሄዱትን ሁለት የውሃ ቱቦዎች ፈትቶ፣ የሞተሩን በኩል ደፍኖ ለአጭር ጊዜ ማስነሳት ነው፤ አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ ኮምፕሬሰሩ ያለ ውሃ ብዙ መሥራት የለበትም። ከዚያ የሚቀየረው የእጅ መዳፍ የምታህል ጓርኒሲዮን ናት፤ ቴስታታው አይነካም።

ማስረጃው ተሟልቶ ቴስታታው ከወረደ ደግሞ እንዲሁ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጎ መመለስ አይበቃም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱም በአግድመቱም ተደርጎ ቅጥነቱ በታወቀ መለኪያ ይፈተሽ፤ ከፋብሪካው ወሰን በላይ ከተጣመመ ማሽን ቤት ተወስዶ ፊቱ ይላጋል። በቫልቮቹ መሐልም ስንጥቅ ይፈለግ። ሞተሩ ክፍት ሳለ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያለው የውሃ መንገድ በባትሪ እየታየ ኖራው ይጠረግ፣ ራዲያተሩም በዚያው ቀን ተፈትቶ ይጽዳ፣ የፓምፑ ክንፎች መበላት አለመበላታቸው ይታይ። ተጠግኖ ሲያልቅ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በግማሽ ጭነት ደንገጎን ይውጣ፤ በየመታጠፊያው ጌጁ የት እንደነበር ረዳቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ማግስቱን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ውሃውና ዘይቱ ታይቶ፣ ምንም ካልጎደለና ካልተቀየረ ሙሉ ጭነት መጫን ይቻላል።